አባባ የሚያነቡት መጽሐፍ ከየት መጣ

ጥቅምት 8 ቀን

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

እነዚህን ሁሉ መጻሕፍት ሰብስቦ «ይሄኛው ይግባ፣ ያኛው ይቅር» ያለው ማን ነው? አንድ ጊዜ እንኳ ይህን ያልጠየቀ አንባቢ ይኖራል ብዬ አላምንም። አብዛኛው ሰው ጠይቆ ሲያበቃ ደንገጥ ይልና ገጹን ገልጦ ያልፋል። አንተም ይኸው በመጨረሻ ጠየቅኸኝ፤ አጠያየቅህ ስድብ ቢመስልም ደስ ብሎኛል። እንዴት ከረምክ? ባለቤትህና ልጆቹስ? ወርክሾፑ ሥራ አለው? አባባ ጉሮሯቸውን ተሻላቸው? መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ። ሰበቡን ብደረድርልህ ስለምትስቅብኝ ይቅር።

ቀኑን ሙሉ ምን እንደምሠራ ላልከኝ፤ የምሠራበት ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳና አንድ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ነው። ሦስት ጠረጴዛዎች አሉን። የእኔው አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ የተጣጠፈ ካርቶን ከሥሩ አድርጌበታለሁ። ሁለተኛው የአራሚያችን ነው። «ነጠላ ሰረዝ» እንለዋለን፤ ጠዋት ነጠላ ሰረዝ ሲጨምር ይውልና ከሰዓት በኋላ መልሶ ይለቅመዋል። ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ሰው የለም፤ የአለቃችን ኮት ይቀመጥበታል። ከእኛ ሁሉ ንቁ ሠራተኛ ኮቱ ነው።

አለቃችንን በሌለበት «አዋጁ» ነው የምንለው። «እንደምን አደራችሁ»ን እንኳ ነጋሪት ተጎስሞለት እንደሚያውጅ ሰው ነው የሚናገራት። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ላንተ ስጽፍ ግን ይቅርብኝ፣ እጄ ይደክማል። የምናዘጋጀው መጽሐፍ ለተራው አንባቢ ነው፤ ቅዱሳት መጻሕፍት እንዴት ተጻፉ፣ እንዴት ተሰበሰቡ የሚል። የአሠራራችን ሕግ ቆንጆ ነው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ካርድ አለው። ፊቱ ላይ ዓረፍተ ነገሩ ይጻፋል፣ ጀርባው ላይ ከየት እንዳገኘነው። ጀርባው ባዶ የሆነ ካርድ ይጣላል። ሕጉ የሚሠራው ግን ለእኔ ብቻ ነው። የአዋጁን ካርዶች ስትገለብጥ ጀርባቸው ላይ አንዲት ቃል ታገኛለህ፤ «የታወቀ»።

ሥራውን ግን ወድጄዋለሁ። ስማ እንጂ! ከአዲስ ኪዳን ውስጥ ቀድመው የተጻፉት ምን መሰሉህ? ደብዳቤዎች ናቸው። አንድ ሰው ሩቅ ከተማ ላሉ ጥቂት ሰዎች ይጽፋል፤ አንዱ ቆሞ ያነብላቸዋል፤ የሚቀጥለው ከተማ ሰው «እስቲ እኛም እንገልብጠው» ይላል። ለረጅም ዘመን እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ጥቅል ነበረው፤ የአንዱ ጥቅል ከሌላው አይገጥምም። እንደ አዋጁ ላለ ሰው ይህ ራስ ምታት ነው፤ ለእኔ ግን ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳኝ እሱ ነው።

መጽሐፉ በሚያዝያ ይወጣል። ስሜ ከአዋጁ ስም በታች፣ በደቃቃ ፊደል፣ ሽፋኑ ላይ ይሆናል። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ አትሮንስ ላይ ቆመው ለጸሎት ቤታችን ሲያነቡት የኖሩት መጽሐፍ ከየት እንደመጣ ልጃቸው ጻፈችው ሲባል ይታየኛል። አዘጋጆቹ በቀጥታ እንዲልኩላችሁ ያደረግሁት መጽሔት ደረሰ? እኔ ገና አላየሁትም። እዚያ ውስጥ ለመጽሐፉ ከጻፍሁት የአንዱን ምዕራፍ መግቢያ አውጥተውልኛል። ለአባባ አሳያቸው።

እህትህ

ኅዳር 2 ቀን

ለምሁሯ እህቴ፤

እኛ ደህና ነን። አባባ ደህና ናቸው፤ ጉሮሯቸውም ደህና ነው፤ አሁን እያረፉ ነው። የአናጢ እህት ሆነሽ ከጠረጴዛ እግር ሥር ካርቶን ትወትፊያለሽ? ለሰው እንዳትናገሪ፣ ገበያዬን ትዘጊብኛለሽ።

መጽሔቱ የደረሰን ባንቺ በኩል ሳይሆን ከእኛው ጋር በሚጸልየው በሰፈራችን ፋርማሲስት በኩል ነው። ለጸሎት ቤቱ ሰው ሁሉ ካሳየ በኋላ በመጨረሻ ለእኛ አመጣልን። ፎቶሽን አየሁት። አገጭሽን በእጅሽ ደግፈሻል። ምን ከብዶሽ ነው?

ከፎቶው ሥር እንዲህ ይላል፤ «ንጉሡ ሊቃውንቱን ሰብስቦ፣ የትኞቹ መጻሕፍት ቅዱሳን እንደሚባሉ በአንድ ቀን፣ በእጅ ማውጣት አስመረጠ።» ይህ ያንቺ ነው? አዎ ወይም አይደለም በይኝ። ካርድ አልፈልግም።

የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች አባባን ለአንድ ጉዳይ አስጠርተዋቸው ነበር። ሄደው ተመልሰዋል። ደህና ናቸው ብያለሁ።

ወንድምሽ

ኅዳር 19 ቀን

ወንድሜ፤

አይደለም።

አንዲት ቃል ፈልገህ ነበር፣ ይኸውልህ። የቀረውን ባትፈልገውም ትሰማለህ፤ ብቻዬን ብይዘው ያፈነዳኛል።

ጽሑፉ ወደ መጽሔቱ ከመሄዱ በፊት አዋጁ እንዲያየው ሰጥቼው ነበር። ያቺን ዓረፍተ ነገር ጨምሮ፣ መልሶ ሳያሳየኝ የላከው እሱ ነው። ታትሞ ሳየው ሮጬ ሄድኩና ይህ ምንድን ነው አልኩት። ጨው ነው አለኝ፤ ጽሑፍሽ አልጫ ነበር፣ ጨው ጣል አደረግሁበት። ካርዱን ፈልጌ ገለበጥሁት። ጀርባው ላይ «የታወቀ»። ለማን ነው የታወቀው? አንድ ድፍን መጽሐፍ አውጥቶ ሰጠኝ፤ የታወቀ የውጭ ምሁር ነው፣ እንዳታሳፍሪኝ ብሎ።

ተከተልሁት። ምሁሩ ከግርጌ ማስታወሻው ላይ ወደ ሌላ መጽሐፍ ይመራሃል። ያኛው ደግሞ ወደ አንድ የጉባኤ ንግግሮች ጥራዝ። ጥራዙን ከምድር ቤቱ መጋዘን አስቆፍሬ አስወጣሁት፤ አቧራው ለሳምንት አስነጠሰኝ። ገጹን ስገልጥ ንግግሩን ያደረገው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አዋጁ! ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ከምሳ በኋላ ያንቀላፋ አዳራሽ ለመቀስቀስ ብሎ ከራሱ የፈጠራት ወሬ ናት፤ አንድም ምንጭ የላትም። ሁለት ጸሐፊዎች ተቀባብለው ዞር አደረጓትና አርጅታ፣ የውጭ ልብስ ለብሳ ስትመለስ አባቷ እንኳ አልለያትም። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ይባል የለ? የእኛዋ ዶሮ እኮ ራሷ ብላ፣ ራሷ ሰምታ ነው የታነቀችው።

እውነቱን ልንገርህ። ንጉሡ የጠራው ያ ዝነኛ የጥንት ጉባኤ ተደርጓል። በሃይማኖት ቃል ተከራክረዋል፣ ስለ በዓል ቀን ተነጋግረዋል፣ ውሳኔዎቻቸው ተጽፈው ደርሰውናል። መጻሕፍትን መረጡ የሚል ግን ከውሳኔዎቹ ውስጥ የለም። አንድ የቆየ ተረት አለ፤ እሱም ከጉባኤው አምስት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ የተጻፈ ነው። መጻሕፍቱን ሁሉ ከመሠዊያው አጠገብ ከምረው ጸለዩ፣ እውነተኞቹ ከላይ ሐሰተኞቹ ከታች ሆነው ተገኙ ይላል። እጅ የሚያወጣ ሰው ተረቱ ውስጥ እንኳ የለም። እጁን ያወጣው አዋጁ ብቻ ነው።

ሦስቱን መጻሕፍት ይዤ ገባሁና ኮቱ ላይ ደረደርኩለት። ነጠላ ሰረዝ ሳሉን ዋጠ። አዋጁ መነጽሩን አድርጎ የራሱን ስም አነበበ። አሁን ያፍራል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ ፈካ አለ። በውጭ አገር መጽሐፍ መጠቀሱን እስከዚያች ደቂቃ አያውቅም ነበር! ገጹን ኮፒ እንዳደርግለት አዘዘኝ። ዓረፍተ ነገሯ ትውጣ ብዬ ስጨቀጭቀው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንቺ ልጅ፣» አለኝ፤ «አንባቢ መጻሕፍቱ እስኪሰበሰቡ ሦስት መቶ ዓመት ቁጭ ብሎ አይጠብቅሽም። አንድ ቀን ስጪው፣ ደስ ብሎት ይሂድ።»

ከዚያ ዓረፍተ ነገሯን ዝም ካልኩለት ስሜ ከስሙ ጎን፣ በእኩል ፊደል እንደሚሆን ነገረኝ። ላንተ አልዋሽም፤ ልቤ ዘለለ። ሽፋኑ ታየኝ፣ ከዚያ በኋላ የሚከፈቱልኝ በሮች ታዩኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ እንዳስብበት ቀጥሮኛል፤ በመጓጓትና በመናቅ መካከል ተቀምጫለሁ።

አሁን አንተ ተራህ ነው። «እያረፉ ነው» ማለት ምን ማለት ነው? አባባ የሚያርፉት ከምንድን ነው? ሽማግሌዎቹ የጠሯቸውስ ለምን ጉዳይ ነው? አንተ ስትጽፍ የምታስቀረው ከምትጽፈው ይበልጣል።

እህትህ

ታኅሣሥ 7 ቀን

ከንባብ ነው የሚያርፉት።

አልጽፍልሽም ብዬ ነበር። አባባም እንዳትነግራት ብለውኛል። ግን ኮት ላይ መጽሐፍ ደርድረሽ ያሸነፍሽ ስለመሰለሽ ልንገርሽ።

«ማኅተም»ን ታስታውሺዋለሽ? የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጣው የመዝገብ ቤት ሹም። ዛሬም አፉ ማኅተም ይመስለዋል፤ የተናገረው ሁሉ የጸደቀ ነው። መጽሔቱን አባባ ፊት ወርውሮ፣ «መጽሐፉን በእጅ ማውጣት የተመረጠ ነው የምትል ሴት አባት አትሮንሳችን ላይ አይቆምም» አላቸው። አባባ አንቺን ሳይጠይቁ አልመልስም ብለው ወጡ። ሊጠይቁሽ ግን አልፈለጉም፤ ሥራ ላይ ናት፣ እንዳትደነግጥ ይላሉ። ደብዳቤዎችሽ ወደ ወርክሾፑ ስለሚመጡ ሰላምታውን ብቻ አደርስላቸዋለሁ። የቀረውን አላዩትም።

አሁን የሚያነበው ፋርማሲስቱ ነው። ብትሰሚው መሬት ተከፍታ ብትውጥሽ ትመርጫለሽ። መዝሙርም ይሁን የነቢይ ቁጣ፣ ለእሱ ሁሉም «ከምግብ በኋላ በቀን ሦስት ጊዜ» ነው። አባባ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲሳሳት ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኔን የሚያመኝ እሱ አይደለም። ቤትም ማንበብ ትተዋል። ለልጆቼ ማታ ማታ ያነቡላቸው ነበር፤ አሁን መጽሐፉን ሲያመጡላቸው ዓይኔን ደከመኝ ይላሉ። ዓይናቸው ምንም አልሆነም፤ ትናንት የሠራሁት በር መንጋደዱን ከመንገዱ ማዶ ሆነው አይተው ነግረውኛል።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። ዓረፍተ ነገሩን የጻፈው አለቃሽ፣ ስሙ ያንቺ፣ አትሮንሱን የተነጠቁት አባባ።

ሽማግሌዎቹ መውጫ ሰጥተውናል። ይህን ጽፈሽ፣ ፈርመሽ ላኪ፤ «ቅዱሳት መጻሕፍት ሙሉ ሆነው፣ ተጠርዘው፣ ዛሬ ባሉበት ቅደም ተከተል ከመጀመሪያው እንደተሰጡ አምናለሁ፤ ከዚህ የተለየ የጻፍሁት ሐሰት ነው።» ይነበባል፣ በሳምንቱ አባባ ይመለሳሉ። ማኅተም ራሱ ቃል ገብቷል።

እንደማትወጂው አውቃለሁ። ለእውነት መቼም ትሞቻለሽ፤ ለአባባ አንዲት መስመር ዋሺ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 20 ቀን

ወንድሜ፤

አልፈርምም። ይቅርታ አድርግልኝ። ደብዳቤህን ሳነብ አልቅሻለሁ፣ ከዚያ ተሳድቤአለሁ፤ ስድቡ ረዘም ያለ ነበር። ከስድቡ አንዳንዱ ላንተ ነው፤ ዝም በማለትህ። ሌላው ለእኔ ነው፤ ጽሑፌን ለዚያ ሰው አምኜ ስለሰጠሁ። የቀረው ሙልጭ ብሎ ለማኅተም ይድረስ።

ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው። አንዱ በአንድ ቀን ተመረጠ ይላል፣ አንዱ ተጠርዞ መጣ ይላል። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጡ! አዋጁና ማኅተም አንድ ክፍል ቢገናኙ ዓይን ለዓይን አይተያዩም ነበር፤ ውሸታቸው ግን መንታ ነው። ሁለቱም በመካከል የነበረውን ሰው ሁሉ ጠራርገው ያወጡታል። ለአዋጁ ንጉሥ ይበቃዋል፣ ለማኅተም ጠራዥ። ያነበበና ያዳመጠ ሰው ለሁለቱም ከቁጥር አይገባም።

ማን መረጣቸው ብለኸኝ ነበርና ያወቅሁትን ልንገርህ። በየቤቱ የሚሰበሰቡ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ይቆማል፣ ሌሎቹ ይቀመጣሉ። አንብቦ ሲያበቃ «እሱን ደግሞ አንብብልን» ይሉታል፤ ወይ ደግሞ አይሉትም። የተደገመው ይገለበጣል፣ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። አንዳንዱ ለብዙ ዘመን ሲነበብ ኖሮ ቀርቷል። አንዳንዱን አንዱ አገር ሲጠራጠረው ሌላው እቅፍ አድርጎ ይዞታል። ጳጳሳት ዝርዝር ያወጡት በኋላ ነው፤ አብዛኛው ሥራቸው ሰው የያዘውን መቁጠርና ጭቅጭቁን መዝጋት ነበር። ዛሬ ካሉት ሃያ ሰባቱ የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ጋር ልክ የሚገጥም ዝርዝር የምናገኘው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ብሉዩን ከጨመርክማ ክርስቲያን ሁሉ ዛሬም በቁጥሩ አይስማማም። አላጣፍጥልህም፤ ሽኩቻም ስድብም ነበረበት፣ የተቃዋሚውን ጽሑፍ እሳት ውስጥ የጨመረም ነበር። ግን ቀስ ብሎ ነው፣ በአፍና በጆሮ ነው። ይህን ሐሰት ነው ብዬ ልፈርም?

ሌላም ነገር አለ። ሐዋርያው ለአንዲት ከተማ ሰዎች ከጻፋቸው ደብዳቤዎች በአንዱ ውስጥ፣ እነሱ አስቀድመው ጽፈው የጠየቁትን አንድ በአንድ እያነሣ ይመልሳል። የእነሱ ደብዳቤ ግን ጠፍቷል። ጥያቄው ጠፍቶ መልሱ ቅዱስ ሆነ። ሊቃውንት ጥያቄውን ከመልሱ ለመገመት ስንት ዘመን ደክመዋል! አንተም እኔን እንዲሁ አደረግኸኝ። የአባባን ጥያቄ ደብቀህ፣ እኔ ከ«ደህና ናቸው» እንዳወጣው ፈለግህ።

ስለዚህ ደብዳቤዎቼን ሁሉ ስጣቸው። ሰላምታውን ብቻ እንዳትነግራቸው፤ ስድቡንም፣ ኮቱንም፣ የአንተንም ቅጂ ካለህ ጨምረህ። አትሮንሱ የእሳቸው ነው፣ ይፍረዱ። እሳቸው በራሳቸው አፍ «ፈርሚ» ካሉኝ ያችን ቀላል ውሸት በቆንጆ ጽሕፈት ገልብጬ፣ ፈርሜ እልካለሁ። ቃሌ ነው። አንተ ስላልከኝ ግን አላደርገውም።

ሥራውን እንደሆነ ለቅቄአለሁ። ስሜን ከመጽሐፉ አውጣልኝ ስለው አዋጁ የተደሰተበትን ፍጥነት ብታይ! ዓረፍተ ነገሯን አላወጣትም፤ ከፊቷ «እንደሚታወቀው» የሚል ጨመረባት። ምስጋናው ላይ ደግሞ «ስሟ እንዳይጠቀስ የፈለገች ትጉ ረዳት» ብሎ አስገብቶኛል። ለመጽሔቱ ማረሚያ ላክሁ። አወጡልኝ፤ ከቃላት ጨዋታው መልስ ሥር፣ በጉንዳን ፊደል። ቆርጬ ልኬልሃለሁ፣ ለማኅተም ማጉያ መነጽር አበድረው።

እህትህ

ጥር 11 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፤

ሰጠኋቸው። ሁሉንም።

ወርክሾፑ መስኮት ሥር ቆመው አነበቡት። ኮቱ ጋ ሲደርሱ ሳቁ፤ ካየሁት የሰነበተ ሳቅ ነው። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ወደ እኔ ዞሩ፤ «ይሄን ሁሉ ነው ሰላም ብላሃለች ያልከኝ?» አሉኝ። ሁለት ቀን አላናገሩኝም። ምግብ ሲቀርብ እንኳ የሚያወሩት ከልጆቼ ጋር ነበር።

በሦስተኛው ቀን ተነሥተው ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። እኔ በር ላይ ቀረሁ፤ በሩን የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ድምፅ እንደሚያሳልፍ አውቃለሁ። ማኅተም ያችን ወረቀት ፊታቸው አስቀመጠላቸው፤ ልጅህ አልፈርምም ካለች አንተ ስለ እሷ ፈርም አላቸው። አባባ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። ጠባያቸውን ታውቂዋለሽ፣ ሊያነቡ ሲሉ እንደሚያደርጉት ነው።

«ይህችን ዓረፍተ ነገር፣» አሉ፤ «ከየትኛው ምዕራፍ ነው ያመጣችኋት?»

ወዲያው ቀጠሉ።

«ያለችበትን አሳዩኝና እኔው ከአትሮንሱ አነባታለሁ። ከሌለች ግን የልጄ አለቃ ያደረገውን ነው ያደረጋችሁት፤ የሌለ ጨምራችኋል።»

ማኅተም ስብሰባው ተዘግቷል አለ። ሌላ ምን ይበል። ስለዚህ አልመለሷቸውም፣ የሚመልሷቸውም አይመስለኝም። ፋርማሲስቱ መድኃኒት ማዘዙን ቀጥሏል። እውነትሽ ይህን አላዳነም፤ ይህን እንድታውቂው እፈልጋለሁ።

ፈርሚ ይላሉ ወይ ላልሽው፣ የተናገሩትን ልክ እንደተናገሩት ልጻፍ፤ «ትፈርም ካልኩ የፈረምኩት እኔ ነኝ። አንባቢ ያልተጻፈ አያነብም።» በዚያው ግን እንዳትኮሪ፤ ካንቺም ጋር አልተስማሙም። «ሰው ነው የመረጠው ስትል እግዜር ያኔ የት ሄዶ ነበር በላት» ብለዋል። ጻፍ አሉኝ፣ ጻፍሁ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጥቶብኛል። በማግስቱ መጽሐፋቸውን ይዘው ወርክሾፑ መጡና ያላለቀ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። መጀመሪያ የሰማቸው የሙጫ ቆርቆሮ ነበር። ቀጥሎ በር ልታሠራ የመጣችው ጎረቤታችን ቁጭ አለች። ከዚያ ከጸሎት ቤቱ ሁለት አሮጊቶች፣ ቀጥሎ የጫማ ሠሪው ቤተሰብ። አሁን በሳምንት ሁለት ጊዜ ነው። መጋዝ መሳብ አልችልም፣ መዶሻ ማንሣት አልችልም፤ እሳቸው እስኪጨርሱ በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ እውላለሁ። እንደ ዘንድሮ ለስላሳ ወንበር ሠርቼ አላውቅም። ያልተሸጠውን ሁሉ ተቀምጠውበታል።

አንድ ነገር ጠይቃት ብለውኛል፣ እኔ አልደገፍሁትም። ድሮ ሲነበቡ ኖረው ከቅዱሳት መጻሕፍት ሳይገቡ ከቀሩት አንዱን እንድትልኪላቸው ይፈልጋሉ። ለምን እንደቀረ ራሳቸው አንብበው ሊፈርዱ ነው። አለ ወይስ የለም?

ወንድምሽ

ጥር 28 ቀን

ይድረስ ለአባባና ለወንድሜ፣ ለሁለታችሁም እኩል፤

አለ። እየላክሁላችሁ ነው።

አባባ፣ መጀመሪያ እጅዎን እስማለሁ። ስላልነገሩኝ ተቀይሜዎታለሁ፤ ስለተናገሩት ደግሞ ጎረቤቴን ቀስቅሼ ነግሬአለሁ። እግዜር ያኔ የት ነበር ላሉኝ፣ አላውቅም። የማላውቀውን ጽፌ ማኅተምን ልምሰል? እርስዎ እንደሚያውቁ አውቃለሁ፤ እኔ የሰዎቹን ብቻ ነው ተከትዬ ማየት የምችለው። በዚህ መጨቃጨቃችን አይቀርም፤ ከእርስዎ ጋር መጨቃጨቅ ግን ከአዋጁ ጋር ከመስማማት ይሻላል።

የላክሁት ድሮ በብዙ ቦታ በፍቅር ሲነበብ የኖረ ነው፤ ከቅዱሳን መጻሕፍት የሚቆጥሩትም ነበሩ። ውሎ አድሮ ቀረ። የመጀመሪያውን ክፍል እኔው ተረጎምሁት፣ አሁን ጊዜ ተርፎኛል። የምኖረው ከፎቶግራፍ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ነው፤ ጠዋት የሰው ደብዳቤና ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ከሰዓት የራሴን መጽሐፍ እጽፋለሁ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማን እንደሚያትመውም አላውቅም፤ እንደዚህ ዓመት ግን ጣቴ ተቻኩሎ አያውቅም።

ስለ ጽሑፉ የእኔን ፍርድ ከፈለጋችሁ፣ ይሰለቻል። ጸሐፊው አንድን ነገር ሦስቴ ካልተናገረ የተናገረ አይመስለውም። ምክር ይሰጣል፣ ምክሩን ያብራራል፣ ከዚያ ማብራሪያውን ይመክራል። ስተረጉመው ሁለት ጊዜ እንቅልፍ ወስዶኛል። መሐል ላይ ግን ብድግ ያደረገችኝ አንዲት ቦታ አለች፤ የትኛዋ እንደሆነች አልነግራችሁም። የጥንት ሰዎች የሰሙት እኔ እንዳነበብሁት በዓይን፣ ብቻቸውን፣ ሻይ ይዘው አልነበረም። ሰው ቆሞ ሲያነብላቸው ነው። ስለዚህ የእኔ ፍርድ ምንም አይደለም፤ የሊቃውንቱም ከእኔ ብዙ አይሻልም። ሁሉም ለምን እንደቀረ ጽፈዋል፤ ዘግይቶ ነው የተጻፈ፣ ከሐዋርያ እጅ አይደለም፣ እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው። ሲነበብ ሰዎቹ የት ላይ እንዳዛጉ የጻፈ ግን አንድም የለም። አዋጁ እንኳ ሊፈጥረው አልደፈረም።

አባባ፣ እርስዎ ያንብቡላቸው፣ ያንኑ የሚያነቡትን አነባበብ። ምን እንደሆነ ካነበቡ በኋላ ይንገሯቸው፤ ቀድመው ከሰሙ አሮጊቶቹ ጆሯቸውን ይይዛሉ።

አንተ ደግሞ ወንድሜ፣ የብርጭቆ ወረቀቱን ለአንድ ቀን አስቀምጥና እርሳስ ያዝ። ማን መጀመሪያ ሳለ? የጫማ ሠሪው ልጆች የት ላይ መንጫጫት ጀመሩ? «እሱን ደግሞ ያንብቡልን» ያለ ሰው ነበረ? ከነበረ የትኛውን? አባባስ የት ላይ ድምፃቸው ተለወጠ? ፋርማሲስቱም ከመጣ አስገቡት፣ ቢያንስ መስማት ይልመድ። ያየኸውን ሁሉ ሳታሳምር፣ ሳታስቀር፣ ሰው ሳትምር ጻፍልኝ። አንተም ራስህ ካዛጋህ፣ የት ላይ እንደሆነ ጻፈው። እጠብቃለሁ።

ልጅዎ፣ እህትህ